አትክልቱን ከድስት አውጡትና ኦቨን ውስጥ ክተቱት

እዚህ አሜሪካ ሁዳዴ የሚገባው ብርዱ ሊወጣ ሲል ነው። ፋሲካ ሲቃረብ ደግሞ ገበያው አስፓራገስ በሚባለው ረጅም ቀጭን አረንጓዴ አትክልትና በለጋ ካሮት ይሞላል። እኛ ግን 55 ቀን ሙሉ ያንኑ አትክልት አልጫ። አልጫ አልጠላም፣ ግን ሲሰለች ይሰለቻል።

እስቲ ኦቨን ሞክሩ። ዋናው ጠላት ውሃ ነው፤ አትክልቱ ታጥቦ በደንብ ካልደረቀ ወይም ትሪው ላይ ከተደራረበ በራሱ እንፋሎት ይቀቀልና ያው ድስት ውስጥ የከረመ መስሎ ይወጣል። ስለዚህ በፎጣ አድርቁት፣ በዘይትና በጨው እሹት፣ አራርቃችሁ ደርድሩት። ኦቨኑ 425 ፋራናይት ይሁን፣ በሴንቲግሬድ 220 ገደማ ማለት ነው። ትሪውም ባዶውን አብሮ ይጋል። ካሮቱ ሲያርፍበት ቸስ ካላለ ገና ነው።

ካሮትና ድንች ቀድመው ይገባሉ። ከ20 ደቂቃ በኋላ አስፓራገሱን ጨምሩ፣ ለእሱ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ግንዱን ለመቁረጥ ቢላ አያስፈልግም፣ በእጃችሁ ስታጥፉት ጠጣሩ ጋ ሲደርስ ራሱ ቀጭ ይላል።

የተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ከመጀመሪያው እንዳትጨምሩ፣ አርሮ ይመራል (እኔ አንድ ሙሉ ትሪ ጥያለሁ)። ሚጥሚጣና ሎሚም ከወጣ በኋላ ነው።

እናቴ መጀመሪያ ስታየው "አቃጥለሽው ነው እንዴ የምታቀርቢልኝ?" ብላ ነበር። ከዚያ ጫፉ የጠቆረውን አንድ ካሮት በእንጀራ ጠቅልላ ቀመሰች። አሁን ትሪው ገበታ ላይ ሳይደርስ የጠቆረ የጠቆረውን እየለቀመች አስቸግራኛለች።