አመል ያወጣል ከመሐል፦ ቶርን ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ በኢትዮጵያ ሲታገዱ ሰፈርተኛው ሁሉ የቪፒኤን ባለሙያ ሆነ። ቪፒኤኑ እምቢ ያለው ደግሞ ቶር የተባለውን፣ የተጠቃሚውን ማንነትና መዳረሻ የሚደብቅ ማሰሻ ጫነ፤ ሁለቱንም እንደ አንድ ነገር ቆጠራቸው። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ከቪፒኤን ጀርባ አንድ ድርጅት አለ፤ ያ ድርጅት ከየት እንደመጡም ወዴት እንደሚሄዱም ያያል። አገልግሎቱ በነጻ ከሆነ ደግሞ ወጪውን በምን እንደሚሸፍን መጠየቅ ደግ ነው። ቶር ግን መልእክቱን በሦስት ፖስታ ደራርቦ አሽጎ ለማይተዋወቁ ሦስት መልእክተኞች ይሰጣል። የመጀመሪያው ላኪውን እንጂ መድረሻውን አያውቅም፤ የመጨረሻው መድረሻውን እንጂ ላኪውን አያውቅም። ሐሳቡ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ቤተ ሙከራ ነው፤ ቶርን የወንበዴ ፈጠራ አድርጎ ለሚያወራ ይህ ይነገረው።

ቶርን መጠቀም ራሱ የማይታይ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሚደበቀው የሚሄዱበት ቦታ ነው፤ ቶር ውስጥ መግባትዎን ግን መሥመሩን ያቀረበልዎ አካል ሊያውቅ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የሃርቫርድ ተማሪ ፈተና ለማስተላለፍ ብሎ በቶር በኩል የሐሰት የቦምብ ማስፈራሪያ ላከ። መርማሪዎቹ ቶርን መስበር አላስፈለጋቸውም። በዚያ ሰዓት በዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ቶርን የከፈተ ማን እንደሆነ ፈለጉ፤ አገኙት፤ ጠየቁት፤ አመነ። በእኛም አገር በግንቦት 2004 ዓ.ም. የቶር ግንኙነት በመሥመሩ ላይ በጥልቅ ፍተሻ እየተለየ እንደሚታገድ የቶር ፕሮጀክት ይፋ አድርጎ ነበር። ለዚህ የተበጀው መላ «ድልድይ» ይባላል፤ ግንኙነቱ ሌላ ነገር እንዲመስል ያደርጋል። ኢንተርኔት ከናካቴው ሲቋረጥ ግን ድልድዩም አያሻግርም።

ሌላው ስህተት ጉዞው እስከ መጨረሻው የታሸገ ነው ብሎ ማመን ነው። ሦስተኛው መልእክተኛ የመጨረሻውን ፖስታ ይከፍታል፤ በውስጡ ያለው ራሱ ካልተመሰጠረ ያነበዋል። ስዊድናዊው ዳን ኤገርስታድ እ.ኤ.አ. በ2007 አምስት የመውጫ ኮምፒውተሮችን፣ ማለትም የሦስተኛውን መልእክተኛ ሥራ የሚሠሩትን፣ አቁሞ የኤምባሲዎችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የኢሜይል የይለፍ ቃል ለቀመ። ዲፕሎማቶች ናቸው እንግዲህ! ዛሬ አብዛኛው ድረ ገጽ የተመሰጠረ ቢሆንም፣ ማሰሻው «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» ሲል ችላ ብሎ የሚያልፍ አሁንም አለ። በ«ኦኒየን» የሚያበቁት ስውር ገጾች ከአውታሩ ስለማያስወጡ ይህ ስጋት የለባቸውም፤ የእነርሱ ጣጣ ሌላ ነው። አድራሻቸው 56 የተዘበራረቁ ፊደላትና አኃዞች ነው፤ የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ብቻ አይቶ የሚገባ ሰው አስመሳይ ገጽ ላይ የይለፍ ቃሉን አስረክቦ ይመለሳል።

ቶርን ከቴሌግራም ቻናል በወረደ ኤፒኬ (የአንድሮይድ መተግበሪያ ፋይል) መጫን፣ አሮጌውን ሳያድሱ መቆየት፣ ያወረዱትን ሰነድ ኢንተርኔት ሳያቋርጡ በሌላ ፕሮግራም መክፈት፣ ቶረንትን በቶር ማውረድ፤ እነዚህ ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ቶርን በዊንዶውስ የሚጠቀሙትን ያጋለጠው የማሰሻው ቀዳዳ በሰኔ ወር መድኃኒቱ ወጥቶለት ነበር። ያላደሱት ተጋለጡ።

ከሁሉም የሚከፋው ራስን ተሸክሞ መግባት ነው። ሲልክ ሮድ የተባለውን የዕፅ ገበያ የመሠረተው ሮስ ኡልብሪክት በቶር ተሸሽጎ ለዓመታት ሠርቷል። ነገር ግን ገና በጅምሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ «አልቶይድ» በሚል ስም ገበያውን በአደባባይ ሲያስተዋውቅ ቆይቶ፣ በዚያው ስም ሠራተኛ ሲፈልግ የራሱን ስም የያዘ የጂሜይል አድራሻ ሰጠ። አንድ የግብር መርማሪ በተራ የጉግል ፍለጋ አገኘው። አልፋቤይ የተባለውን ሌላ ስውር ገበያ ያቋቋመው አሌክሳንደር ካዝ ደግሞ ለአዲስ ደንበኞች የሚላከው የእንኳን ደህና መጡ ኢሜይል ውስጥ የግል ሆትሜይሉን ትቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ባንኮክ ላይ ተያዘ።

እነዚህ ወንጀለኞች ናቸው፤ አመሉ ግን የሁላችንም ነው። በቶር ገብቶ በራሱ ስልክ ቁጥር ቴሌግራም የሚከፍት ሰው አገሩን እንጂ ማንነቱን አልደበቀም። ፎቶ የሚልክ ሰው ደግሞ ስልኩ ቦታውን አብሮ እንደሚጽፍበት ይረሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከፖሊስ ተደብቆ የነበረው የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ሠሪው ጆን ማካፊ ጓቲማላ ውስጥ መሆኑ የታወቀው አንድ መጽሔት ባወጣው ፎቶ ነው።

አማርኛ ደግሞ የራሱ ማጋለጫ አለው። «ፀሐይ»ን በየትኛው ጸ፣ «ኃይል»ን በየትኛው ሀ እንደምንጽፍ ሁላችንም የየራሳችን ልማድ አለን። አንድ ወዳጄ በስውር ስም የጻፈውን ጽሑፍ ሌላ ሰው አስተላለፈልኝ፤ ሁለተኛው መሥመር ላይ ስደርስ ለየሁት። አራት ነጥብን ሁልጊዜ ሁለት ነጥብ ደጋግሞ ነው የሚጽፈው፣ ያውም ከፊቱ ሁለት ጊዜ ክፍት ቦታ ትቶ።