ለፒላቴስ አሰልጣኝነት ኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት

አሜሪካ ውስጥ የፒላቴስ (የሰውነት ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ) አሰልጣኝ ለመሆን ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ ኮርሱ የምንጣፍ ብቻ ነው ወይስ ሙሉ ብላችሁ ጠይቁ። ሙሉው የፒላቴስ መሣሪያዎቹን ማለትም ሪፎርመሩን (ስፕሪንግ ያለው ተንሸራታች አልጋ መሰል መሣሪያ)፣ ካዲላኩን (ስፕሪንጎች የሚንጠለጠሉበት ባለ ፍሬም አልጋ)፣ ወንበሩንና በርሜሉን ይጨምራል፤ ለብሔራዊው የብቃት ፈተና ለመቀመጥም 450 የሥልጠና ሰዓት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ፍርድ ቤት «ፒላቴስ» የማንም የንግድ ምልክት አይደለም ስላለ፣ የሁለት ቀን ኮርስም በዚሁ ስም ይሸጣል።

ብዙ ሰው የሚጓተተው ትምህርቱ ላይ ሳይሆን ልምምዱ ላይ ነው፦ ሲያስተምሩ መመልከት፣ በራስ መሥራት፣ ሰው ማሠራት። ስለዚህ ሪፎርመሩን ለመለማመጃ ያስከፍሉ እንደሆነ በጽሑፍ አረጋግጡ። ሰዓታችሁን በየዕለቱ መዝግቡ፣ አሠልጣኙ እዚያው ይፈርምላችሁ፤ ከወራት በኋላ ፊርማ መለቃቀም በጣም ያደክማል። የምታሠሩትም ጤነኛ ጓደኛ ብቻ አይሁን። አጥንቱ የሳሳ ሰው ጀርባውን አጉብጦ መታጠፍ ስለሌለበት፣ አማራጭ እንቅስቃሴ መስጠትን አሁኑኑ ተለማመዱ።