«ፋይሉ ተከፍቷል» እያለ አልጠፋም ሲል፦ ማን እንደያዘው ፈልጎ ማስለቀቅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። ዴስክቶፑ ላይ 3 ጊጋ የሚሆን የሠርግ ቪዲዮ አለ፤ ወደ ፍላሽ ገልብጣዋለች፣ ዲስኩ ሞልቷል፣ ቪዲዮው ግን አልጠፋም ብሏል። ሦስት ቀን ሙሉ «ትራይ አጌይን» የሚለውን ስትጫን ከርማለች። «መልእክቱን አንብበሽዋል?» ስላት «ሁሌም ያው ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ያው ነው። ያው መልእክት ግን ፋይሉን የያዘውን ፕሮግራም ስሙን ጠርቶ ይናገር ነበር፦ ኮም ሰሮጌት። ከዚያ በኋላ ሥራው የአንድ ደቂቃም አልሆነም።

ዊንዶውስ ላይ አንድ ፕሮግራም ፋይል ሲከፍት፣ ሌሎች በዚያ ፋይል ላይ ምን ማድረግ እንደሚችሉ አብሮ ይወስናል፦ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ማጥፋት። ማጥፋትን ካልፈቀደ፣ እስኪለቀው ድረስ የኮምፒውተሩ ባለቤትም ብትሆኑ አይጠፋላችሁም። ሊኑክስ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፤ ስሙ ወዲያው ከፎልደሩ ይፋቃል፣ ውስጡ ያለው ዳታ ግን የመጨረሻው ፕሮግራም እስኪለቀው ዲስኩ ላይ ይቆያል። ሊኑክስ የለመዱ ጓደኞቼ በዊንዶውስ ይስቃሉ። እኔ እንኳ የዊንዶውሱን እመርጣለሁ፤ እየጻፍኩት ያለ ደብዳቤ ከእጄ ላይ ሲጠፋ ከማይ ቢከለክለኝ ይሻለኛል።

ስለዚህ ከፋይሉ ጋር አትታገሉ። የያዘውን ፈልጉ።

መልእክቱ ዎርድ ወይም ኤክሴል ሲል

መስኮቱን ዘግታችሁም ፕሮግራሙ ከጀርባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ስሙን ፈልጋችሁ «ኢንድ ታስክ» በሉት። ከዚያ በፊት ግን ሌላ ያልተቀመጠ ሰነድ ካለ ሴቭ አድርጉ፤ ኢንድ ታስክ «ላስቀምጥልህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ቴሌግራምም እንዲሁ ነው፤ መስኮቱን ስትዘጉት ከሰዓቱ አጠገብ ተደብቆ መሥራቱን ይቀጥላል። እየላከው ወይም እያወረደው ያለ ፋይል ካለ እዚያው ምልክቱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ዝጉት።

መብራት ድንገት ሲጠፋ የሚመጣ ሌላ ጉድ ደግሞ አለ። ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲበራ ዎርድ «ሰነዱን እገሌ ይዞታል» ይላል፤ እገሌ የተባላችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ዎርድ ሰነድ ሲከፍት እዚያው ፎልደር ውስጥ ስሙ በ ~$ የሚጀምር ትንሽ ድብቅ ፋይል ያስቀምጣል፣ ሲዘጋ ያጠፋዋል። መብራቱ ሲሄድ የማጥፋት ዕድል አላገኘም። ዎርድ መዘጋቱን አረጋግጡ፣ ድብቅ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጉ፣ ያንን ትንሹን ብቻ አጥፉ። ሰነዱን ራሱን እንዳትነኩ!

ኮም ሰሮጌት ወይም ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር ሲል

ይሄ የዊንዶውስ የራሱ ሥራ ነው። ቪዲዮና ፎቶ ያለበትን ፎልደር ስትከፍቱ፣ ያቺን ትንሽ ምስል ለማሳየት ፋይሉ መከፈት አለበት። ይህን ሥራ ለብቻው ተለይቶ የሚሠራው ኮም ሰሮጌት ነው፤ የተበላሸ ቪዲዮ ገጥሞት ቢወድቅ ፎልደሮችንና ዴስክቶፑን የሚያሳየውን ኤክስፕሎረርን ይዞ እንዳይወድቅ። ኔትወርክ ተቆራርጦ በግማሽ የወረደ ቪዲዮ ሲያገኝ ታዲያ አንዳንዴ እንደያዘው ይቀራል። እናንተ ቪዲዮውን ለማጥፋት ፎልደሩን በከፈታችሁ ቁጥር ደግሞ እንደገና ይይዘዋል። የሠርጉ ቪዲዮ ሦስት ቀን የቆየው በዚህ ዙር ነው።

መጀመሪያ በቀኝ በኩል ይዘቱን የሚያሳየው ሰሌዳ ክፍት ከሆነ በአልት እና ፒ ዝጉት። የፎልደሩን አቀማመጥ ከትልልቅ ምስል ወደ «ዲቴይልስ» ቀይሩ። ከዚያ ታስክ ማናጀር ውስጥ ኮም ሰሮጌትን ኢንድ ታስክ በሉት፤ ሲያስፈልገው ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ስለሚያስነሳው ጉዳት የለውም። አሁን አጥፉ። መልእክቱ የጠራው ዊንዶውስ ኤክስፕሎረርን ከሆነ፣ እዚያው ታስክ ማናጀር ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ «ሪስታርት» በሉት። ዴስክቶፑና ታችኛው መስመር ለትንሽ ጊዜ ጥፍት ብለው ይመለሳሉ፤ አትደንግጡ።

«ሌላ ፕሮግራም ይዞታል» ብሎ ስም ሳይጠራ ሲቀር

ስታርት ላይ ሪሶርስ ሞኒተር ብላችሁ ፈልጉና ክፈቱ። «ሲፒዩ» የሚለው ገጽ ላይ «አሶሺዬትድ ሃንድልስ» የሚል ክፍል አለ፣ ከጎኑ መፈለጊያ ሳጥን። የፋይሉን ስም በከፊል ጻፉ። ጥቂት ጠብቃችሁ የፕሮግራሙ ስም፣ ቁጥሩ እና የፋይሉ ሙሉ አድራሻ በአንድ መስመር ይመጣል። ማንነቱን ካወቃችሁ በኋላ በወጉ ዝጉት፤ እምቢ ካለ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ አስቁሙት።

ይሄን ሥራ ደጋግሞ የሚሠራ ሰው ፓወርቶይስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የመሣሪያዎች ስብስብ ቢጭን ይቀለዋል። ከ2022 ጀምሮ ፋይል ሎክስሚዝ የሚባል ነገር አለው፤ ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ ስታደርጉ ማን እንደያዘው ያሳያል፣ ያስለቅቃልም። ለባለሙያ ደግሞ ፕሮሰስ ኤክስፕሎረር አለ፤ ኮንትሮል እና ኤፍ ተጭኖ መፈለግ ነው። ሁለቱም ነጻ ናቸው፣ ከማይክሮሶፍት ይወርዳሉ። «የማይጠፋ ፋይል አጥፊ» እየተባለ ከየቦታው የሚወርደውን ግን ተዉት፤ ፋይሉን ሊያጠፋ መጥቶ ሌላ መዘዝ ጭኖላችሁ ይሄዳል።

የመጣው ስም «ሲስተም» ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ ነውና እንዳታስቆሙት። የዲስክ ምስል፣ ማለትም የአንድ ሲዲ ሙሉ ቅጂ የሆነ ፋይል ከሆነ ምናልባት እንደ ሲዲ ተከፍቶ ይሆናል፤ በኮምፒውተሩ ድራይቮች መካከል ፈልጋችሁ «ኢጀክት» በሉት። ቢሮ ውስጥ በኔትወርክ የሚጋራ ፎልደር ከሆነ ደግሞ የያዘው ጎረቤት ክፍል ያለ ሰው ነው። ፋይሉ ባለበት ማሽን ላይ ኮምፒውተር ማኔጅመንት፣ ሼርድ ፎልደርስ፣ ከዚያ ኦፕን ፋይልስ ውስጥ ማን እንደከፈተው ይታያል። ከዚያ መዝጋት ትችላላችሁ፣ ግን ሄዶ መጠየቅ ይሻላል፤ ሰውዬው የጻፈው ሁሉ ሊጠፋበት ነው።

ፍላሹ አልወጣም ሲል፣ ወይም ያጠፋችሁት መልሶ ሲመጣ

ፍላሹ «በሥራ ላይ ነው» ካለ፣ ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ኢቨንት ቪወር ውስጥ የሲስተም መዝገቡን ክፈቱና ቁጥር 225ን ፈልጉ፤ እንዳይወጣ የከለከለው ፕሮግራም ስሙ እዚያ ተጽፏል። ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም።

ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ሾርትከት ሆነው፣ ስታጠፏቸው በሰከንዶች ውስጥ የሚመለሱ ከሆነ ግን ነገሩ ቫይረስ ነው፤ ብዙ ሰው ፍላሹን የሚሰካበት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለበት ሰፈር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። የቫይረሱ ስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞቹ የተጻፉበት ትንሽ ፋይል፣ ከጀርባ እየሠራ ስለሆነ የምታጠፉትን መልሶ ይጽፋል። በቅደም ተከተል ሂዱ፦ ታስክ ማናጀር ውስጥ «ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ቤዝድ ስክሪፕት ሆስት» የሚለውን አስቁሙ፣ «ስታርታፕ» ላይ የማታውቁትን ስክሪፕት አሰናክሉ፣ ከዚያ ስክሪፕቱንና ሾርትከቶቹን አጥፉ። እውነተኛው ፎልደራችሁ አልጠፋም፣ ተደብቋል፤ ድብቅና የሲስተም ፋይሎች እንዲታዩ ስታደርጉ ብቅ ይላል። ለማጠቃለያ የዊንዶውስ ዲፌንደርን ኦፍላይን ምርመራ አስጀምሩ። ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጎ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

ይህ ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር

ሪስታርት አድርጉ፤ ማጥፋትና ማብራት አይደለም ያልኩት። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በፈጣን ማስነሻው ምክንያት «ሻት ዳውን» የሲስተሙን ክፍል እንዳለ አስተኝቶ ያስቀምጠዋል፣ ሪስታርት ግን ከባዶ ያስነሳል። አሁንም እምቢ ካለ ሺፍትን ይዛችሁ ሪስታርትን ተጫኑ፦ ትራብልሹት፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ስታርታፕ ሴቲንግስ፣ ሪስታርት፣ ከዚያ 4 ቁጥር። ሴፍ ሞድ ነው፣ አብዛኛው ፕሮግራም አይነሳም። ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የራሱ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ ከሆነ ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ስለሚችል ቀድማችሁ ያዙት።

መልእክቱ ስለ ፈቃድ ካወራ፣ ወይም «ራይት ፕሮቴክትድ» ካለ ማንም አልያዘውም። የመጀመሪያው የባለቤትነት ጉዳይ ነው፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሴኩሪቲ ላይ ይስተካከላል። ባለቤቱ «ትረስትድኢንስታለር» ከሆነ የዊንዶውስ የራሱ ፋይል ነው፣ ተዉት። ሁለተኛው ሜሞሪ ካርድ ላይ ከሆነ፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ላይ ግፏት።