የቡችላ ጆሮ ቀጥ ብሎ እንዲቆም እንዴት ይታገዛል?

ቡችላ ሁሉ ሲወለድ ጆሮው የተኛ ነው። ቅርፁን የሚይዘው ልም አጥንት ገና ስስ ስለሆነ የጆሮውን ክብደት አይችልም። ጆሯቸው የሚቆም ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ጀርመን ሼፐርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ8ኛው ሳምንት እስከ 6ኛው ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ ማንም እርዳታ ያቆማሉ። መጀመሪያ የሚነሳው ሥሩ ነው፤ ጫፉ ለሳምንታት እንደታጠፈ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ጆሮውን የሚያስሩበት ፕላስተር ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ያጣሩ፦ ዘሩንና ጥርሱን።

ዘሩ ላብራዶር፣ ቢግል ወይም ኮከር ስፓንየል ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ የእነዚህ ጆሮ የተፈጠረው ለመንጠልጠል ነው፣ ምንም ቢያስሩት አይቆምም። የኮሊ ጆሮ ደግሞ ጫፉ መታጠፉ ተፈጥሮው ነው። ድቅል ቡችላ ከሆነ እናትና አባቱን ማየት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ንፁህ ዘር በሚባሉትም ቢሆን ሰፊና ስስ ጆሮ ከወላጅ ይወረሳል።

ወደ ጥርሱ እንምጣ። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶቹን ጥሎ 42 ቋሚ ጥርስ ያወጣል። የፊቶቹ መውደቅ የሚጀምሩት በ4ኛው ወር አካባቢ ሲሆን፣ ሁሉም የሚጠናቀቀው ከ6 እስከ 7 ወር ሲሞላው ነው። በዚህ መሃል ጆሮ መጫወቻ ይሆናል፦ ሰኞ ሁለቱም ቆመው ረቡዕ አንዱ ይወድቃል፣ በሳምንቱ ሁለቱ አናቱ ላይ ተደጋግፈው ይታያሉ፣ ከዚያ አንዱ እንደ አውሮፕላን ክንፍ ወደ ጎን ይዘረጋል። አይደንግጡ። አንድ ቀን እንኳ ቆሞ ያየነው ጆሮ ጥርሱ ሲያልቅ ተመልሶ የመቆም ዕድሉ ሰፊ ነው። ሌላው ጥሩ ምልክት ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ይታያል፤ የጆሮው ሥር ሰብሰብ ብሎ ወደ ላይ ከተነሳ ጡንቻው እየሠራ ነው።

እስከዚያው የእርስዎ ሥራ እንቅፋት ማስወገድ ነው። ጆሮውን ማሻሸት፣ ማጠፍ፣ እያነሱ መሞከር ይቅር፤ ልጆችም እንዳይጎትቱት ያስጠንቅቁ። አብሮት የሚጫወት ውሻ ጆሮውን እየነከሰ የሚጎትት ከሆነ ይለያዩአቸው፣ የተጎዳ ልም አጥንት በቀላሉ አይጠገንምና። የሚተኛበት ሳጥን ጠቦት ጆሮው ጣሪያውን ወይም ግድግዳውን የሚነካ ከሆነ ሰፋ ያለ ያዘጋጁለት። ለዕድሜው የተዘጋጀ የቡችላ ምግብ ይብላ፤ በትልቅነቱ ለሚታወቅ ዝርያ ደግሞ ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች የተዘጋጀው ይመረጣል። የአንጀት ትል መድኃኒቱንም በጊዜው ይውሰድ፤ የታመመና የከሳ ቡችላ ጆሮው ይዘገያል። የሚያኝከው ነገርም ይስጡት፣ ማኘክ የጭንቅላቱን ጡንቻ ያሠራል። ታዲያ በአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት ምልክት የማይቀበል ነገር ለቡችላ ጥርስ ከባድ ነው። የተቀቀለ አጥንት ደግሞ ስለሚሰነጣጠር ፈጽሞ አይሰጥም።

የካልሲየም ዱቄት መጨመር በጣም የተለመደው ስህተት ነው። ጎልማሳ ውሻ የማይፈልገውን ካልሲየም አንጀቱ ያሳልፈዋል፤ ትንሽ ቡችላ ግን የበላውን መጠን መቆጣጠር ስለማይችል ብዙውን ይመጠዋል። ውጤቱ በተለይ በትልልቅ ዝርያዎች ላይ የእግር አጥንትና የመገጣጠሚያ መበላሸት ነው። ጆሮ ለማቆም ተብሎ እግር ይጣመማል።

ጆሮውን በፕላስተር ማሰር የሚታሰበው ወደ 5 ወር ተጠግቶ የጆሮው ሥር ጨርሶ ካልተነሳ ነው። ከ4 ወር በፊት አይቸኩሉ፤ ከ8 ወር በኋላ ደግሞ ብዙም ፋይዳ የለውም። በቅድሚያ የእንስሳት ሐኪም የጆሮውን ውስጥ ይይ፤ ኢንፌክሽን ወይም የጆሮ ቅንቅን ያለበትን ጆሮ ማሰር በሽታውን ማፈን ነው።

የሚያስፈልገው፦ አየር የሚያስገባ የወረቀት ፕላስተር (ለትልቅ ዝርያ ስፋቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር)፣ ፕላስቲክ አካሉ የወጣለት የስፖንጅ ቢጎዲን (የፀጉር መጠቅለያ)፣ ጥጥ፣ የአይስክሬም እንጨት፣ እና ቡችላውን ይዞ የሚያባብል ሁለተኛ ሰው። የኤሌክትሪክ ቴፕና የካርቶን ቴፕ ቆዳ ስለሚልጡ አይሞከሩም።

1. ጆሮውን ከውስጥ በእርጥብ ጥጥ ጠርገው ሙሉ በሙሉ ያድርቁ። እርጥበት ከቀረ ፕላስተሩም አይይዝም፣ ቆዳውም ይቆስላል።

2. ስፖንጁን ከጆሮ ቀዳዳው በላይ ጀምሮ ከጫፉ 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ በልኩ ይቁረጡ። ቀዳዳውን ፈጽሞ መሸፈን የለበትም።

3. ጆሮውን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ስፖንጁን ውስጡ ያቁሙ፣ ከዚያ የጆሮውን ሁለት ጠርዞች እንደ ቱቦ ዙሪያውን ይሰብስቡ።

4. ፕላስተሩን ሳይወጥሩ ከሥር ወደ ላይ ይጠቅልሉ። ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው እዚህ ነው፦ የሚያጠብቅ ሰው የደም ዝውውር ያቋርጣል። ትንሽ ጣትዎ በጠርዙ በኩል መግባት አለባት። ጫፉን ሳይሸፍኑ ይተዉት፣ በኋላ የሚዳስሱት እሱን ነው።

5. ሁለቱም ከታሰሩ በመካከላቸው የአይስክሬም እንጨቱን በፕላስተር ያጋድሙ፤ ጆሮዎቹ በተፈጥሮ በሚቆሙበት ርቀት ይያዙ እንጂ ወደ መሃል አይሳቡ።

እንደ ዮርክሻየር ቴሪየር ላሉ ትናንሽ ዝርያዎች ስፖንጅ አያስፈልግም። የጆሮውን የላይኛውን ሲሶ ፀጉር ከፊትና ከኋላ መላጨት ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የፀጉሩ ክብደት ነው የሚጎትተው።

እስሩ ከ5 እስከ 7 ቀን ይቆይ። በየቀኑ ጫፉን ይዳስሱ፣ ሥሩን ያሽቱ። ጫፉ ከቀዘቀዘ ወይም ካበጠ፣ መጥፎ ሽታ ካለ፣ ቡችላው ራሱን ደጋግሞ የሚያራግፍ ከሆነ ወዲያው ይፍቱት። ከራሱ መራገፍ ብዛት ጆሮው ውስጥ ደም ሊቋጥር ይችላል። ዝናብ ከመታው ወይም ከታጠበም አይጠብቁ፣ ይፍቱት። ሲፈቱ አይቦጭቁ፤ ፕላስተሩን በዘይት አርሰው ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው ቀስ ብለው ይላጡ።

ከዚያ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ጆሮው አየር ያግኝ። ቀጥ ብሎ ከቆየ ሥራው አልቋል። ከወደቀ ቆዳው ደህና መሆኑን አይተው ይድገሙ። ከሁለት ወይም ሦስት ዙር በኋላ ለውጥ ከሌለ ወደ ሐኪም ይመለሱ እንጂ በማጥበቅ አይሞክሩ።

8 ወር አልፎም ያልቆመ ጀርመን ሼፐርድ በአሜሪካ ኬኔል ክለብ (የውሻ ዝርያ መዝጋቢ ማኅበር) መስፈርት ከመድረክ ውድድር ይታገዳል፤ ለመስማት ግን ምንም አይጎድለውም። የተንጠለጠለ ጆሮ ውስጡ ስለሚታፈን በሳምንት አንድ ቀን ገልጠው ይመልከቱት፣ ያሽቱትም።