ልጃችሁ «ይህቺ እናቴ አይደለችም» ሲል ምን ይደረጋል?

ልጁ እናቱ የቀዳችለትን ቡና ገፋ አድርጎ «መልኳ የእማዬ ነው፤ እሷ ግን አይደለችም» ካለ፣ ካፕግራ የሚባለው ብርቅ ሕመም ሊሆን ይችላል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1923 ስለ ሕመሙ ከጻፈው ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። «እኔ ሞቻለሁ፤ አንጀቴ በስብሷል» የሚለው ደግሞ ኮታር ይባላል። በወጣቶች ላይ ከሁለቱም በስተጀርባ ከባድ ድብርት ወይም ባይፖላር (ስሜት ከድብርት ወደ ከልክ ያለፈ መነቃቃት የሚዋዥቅበት ሕመም) ሊኖር ይችላል።

አትከራከሩ። ዓይኑ ፊቷን ያውቀዋል፤ የጠፋው ሲያያት የሚሰማው የእናት ሙቀት ነው። ስለዚህ ፎቶ ብታሳዩት «ፎቶውንም ቀይራችሁታል» ይላል። «እንዲህ ከተሰማህ ያስፈራል፤ ዛሬ ምሳህን አባባ ያቅርብልህ» በሉት። እናት ለጊዜው ገለል ትበል፤ ልጁ የጠረጠረውን ሰው ሊመታ ይችላልና። ቢላዋ፣ መጥረቢያና የአይጥ መርዝ ከቤት ይውጡ። እናት ከጓዳ ሆና ስልክ ብትደውልለት ድምጿን የሚቀበል አለ።

ትኩሳት፣ የሚጥል በሽታ፣ የጭንቅላት ጉዳት ወይም መፍዘዝ ካለ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። እንደ ኮምቦልቻ ወባ ባለበት አካባቢ ከሆናችሁ የወባ ምርመራ አይቅር። ምግብና ውሃ እምቢ ያለ ወይም ሞትን የሚያወራ ልጅም ቀጠሮ አይጠብቅም። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሆስፒታል ስትወጡ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በር እንዳይከፍት፣ የሚያምናቸው ሁለት ሰዎች መሃል አስቀምጡት። እናት በሌላ መኪና ትከተል።

ብዙው ስህተት ሐኪሙ ፊት ይፈጠራል፦ ቤተሰብ እንግዳውን ንግግር ብቻ ተናግሮ ይመለሳል። የሁለት ሳምንት እንቅልፉን በሰዓት ጽፋችሁ ሂዱ፤ ጫት ከቃመ መጠኑንም። ከዚህ በፊት ለቀናት ሳይተኛ የማይደክመው፣ ወሬው የማያልቅ፣ ገንዘብ የሚበትን ሆኖ ነበር? ይህ ካልተነገረ ድብርት ብቻ መስሎ የድብርት መድኃኒት ለብቻው ሊታዘዝ፣ እሱም ባይፖላር ያለበትን ልጅ ወደ ማኒያ (ወደዚያ ከልክ ያለፈ መነቃቃት) ሊገፋው ይችላል።

ለእንዲህ ያለ የተሳሳተ እምነት የሚታዘዘውን ሃሎፔሪዶል በጀመረ በቀናት ውስጥ አንገቱ ቢጣመም ወይም ዓይኑ ወደ ላይ ቢሰቀል መንፈስ አይደለም፣ የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። ማርከሻ ስላለው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ተመለሱ። ብዙ ቤተሰብ ክኒኑን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። ጠበልም ሆነ ሩቃ (የቁርኣን ንባብ ሕክምና) ከክኒኑ ጋር ይሄዳል፤ ሰንሰለት ግን አይሆንም። ሊቲየም የተባለውን የባይፖላር መድኃኒት የሚወስድ ልጅ በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም ውሃና ጨው ከመቀነሱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ለራስ ምታትም ዳይክሎፌናክ አትስጡት።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚስተካከለው እንቅልፉ ነው፤ እምነቱ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። እናት ቡናውን መልሳ የምትቀዳለት እሱ ራሱ ሲጠራት ነው።