ዛቢክስ «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ሲል ምን ይደረጋል?

ዛቢክስ (ሰርቨሮችን የሚከታተል ሶፍትዌር) ላይ የአንድ ሊኑክስ ሰርቨር ምልክት ቀልቶ በስህተት መልእክቱ ውስጥ 111 የሚል ቁጥር፣ ማለትም «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» (ግንኙነቱ እምቢ ተባለ)፣ ካዩ፣ ፋየርዎል ለመነካካት አይቸኩሉ። የዛቢክስ ጥያቄ አንድ ማሽን ጋ ደርሶ ነው እምቢ የተባለው፤ አብዛኛውን ጊዜ በፖርት 10050 ላይ የሚያዳምጥ ፕሮግራም የለም ማለት ነው። ይህ ፖርት የዛቢክስ ኤጀንት፣ ማለትም ክትትል በሚደረግበት ማሽን ላይ ተጭኖ ለዛቢክስ መረጃ የሚሰጠው ፕሮግራም፣ የሚያዳምጥበት ነው። ፋየርዎል ፓኬቱን ዝም ብሎ ቢጥለው «ታይምድ አውት» ይባል ነበር፤ ፋየርዎልዲ የሚባለው የሊኑክስ ፋየርዎል ሲከለክል ደግሞ በብዛት የሚመጣው 113፣ «ኖ ሩት ቱ ሆስት» ነው።

1. ክትትል የሚደረግበት ማሽን ላይ ገብተው በሲስተምሲቲኤል (የሊኑክስ አገልግሎቶችን ማስተዳደሪያ ትእዛዝ) የኤጀንቱን ሁኔታ ይዩ። ቆሞ ከሆነ ያስነሱት፤ ማሽኑ ሪስታርት ሲደረግም በራሱ እንዲነሳ «ኢኔብል» ያድርጉት። አልነሳም ካለ ሎጉን ያንብቡ። የድሮው ኤጀንትና ኤጀንት 2 አንድ ማሽን ላይ ከተጫኑ ሁለቱም 10050ን ስለሚፈልጉ፣ ኋላ የተነሳው ይወድቃል።

2. የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ፖርት እንደሚያዳምጥ የሚያሳየውን «ኤስኤስ» የሚለውን ትእዛዝ በቲ፣ ኤል፣ ኤን፣ ፒ አማራጮች ያስኪዱ። ከ10050 በፊት 127.0.0.1 ከተጻፈ ኤጀንቱ የሚሰማው ከራሱ ማሽን የሚመጣውን ብቻ ነው። በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ «ሊስንአይፒ» የሚለውን መስመር 0.0.0.0 ወይም የማሽኑን የውስጥ አድራሻ አድርገው ኤጀንቱን ሪስታርት ያድርጉ። ያለ ሪስታርት ለውጡ አይሠራም።

3. ዛቢክስ ሰርቨሩ በዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴነር በሚባል ለብቻው በተከለለ ቦታ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ከሆነ ብዙዎችን ለሰዓታት የሚያለፋው ስህተት እዚህ አለ። ገና ሲጫን «ዛቢክስ ሰርቨር» ለሚለው ሆስት (በዛቢክስ የተመዘገበ ማሽን) የሚሰጠው አድራሻ 127.0.0.1 ነው። ኮንቴነር ውስጥ ግን ይህ አድራሻ ኮንቴነሩ ራሱ ነው፤ ኤጀንቱ ደግሞ እዚያ የለም። በሆስቱ ኢንተርፌስ ላይ የኤጀንቱን ኮንቴነር ስም በዲኤንኤስ በኩል ያስገቡ።

4. ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ 111 ካልጠፋ፣ አሁን ወደ ፋየርዎል ይሂዱ። አይፒቴብልስ በሚባለው የሊኑክስ ፋየርዎል ላይ «ሪጀክት» የሚል ሕግ ልክ ፖርቱ እንደተዘጋ የሚያስመስል መልስ ይሰጣል። 10050ን ለሁሉም ሳይሆን ለዛቢክስ ሰርቨሩ አይፒ ብቻ ይክፈቱ።

111 ጠፍቶ «ባዶ መልስ ደረሰ» የሚል መልእክት ከተተካ፣ ኤጀንቱ ግንኙነቱን ተቀብሎ መልሶ ዘግቶታል። በኮንፊጉ «ሰርቨር» በሚለው መስመር የዛቢክስ ሰርቨሩን አይፒ ይጨምሩና ኤጀንቱን እንደገና ያስነሱ። ከዚያ ከሰርቨሩ በኩል በ«ዛቢክስ ጌት» ትእዛዝ ኤጀንቱ መኖሩን የሚያረጋግጠውን «ኤጀንት ፒንግ»ን ይጠይቁ፤ 1 ከመለሰ መስመሩ ተከፍቷል።