ለትልቅ የሙዚቃ ክምችት የሚስማማ ማጫወቻ ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል?

ሃርድ ዲስካችሁ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች ካሉ፣ ብዙዎቹም ከካሴትና ከሲዲ የተገለበጡ ከሆኑ፣ «የትኛው ማጫወቻ ድምፁ ያምራል?» ብላችሁ አትጀምሩ። ፋይሉን ሳይነካ ወደ ዲኤሲ፣ ማለትም ዲጂታሉን መረጃ ወደ ድምፅ ወደሚቀይረው መሣሪያ፣ የሚያደርስ ማጫወቻ ሁሉ የሚያደርሰው አንድ ነገር ነው። ማጫወቻዎች በእርግጥ የሚለያዩት የፈለጋችሁትን ዘፈን በማግኘት ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን እወቁ። ፋይሎቹ ፍላክ (ጥራት ሳይቀንስ የተጨመቀ) ናቸው ወይስ ኤምፒ3 (ጥራቱ ተቀንሶ የተጨመቀ)? የምትሰሙት በኮምፒውተር፣ በስልክ ወይስ በቤቱ ክፍሎች ሁሉ?

ደረጃ 2፦ ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት በፋይሎቹ ውስጥ የተጻፉትን የድምፃውያንና የአልበሞች ስሞች አስተካክሉ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም። የጥላሁን ገሠሠ ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ስለሚጻፍ፣ ማጫወቻው አንዱን ድምፃዊ አራት አምስት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። በግዕዝ ፊደል ስትጽፉም «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ስትፈልጉ ሌላው አይመጣም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስም አንድ አጻጻፍ ወስናችሁ እስከ መጨረሻው በእሱ ጽኑ። አንዳንድ ሶፍትዌር ደግሞ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚወስድ ማሕሙድ አሕመድን «አሕመድ» በሚለው ተራ ውስጥ ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያ ስም መደርደር የሚፈቅደውን ምረጡ። የብዙ ድምፃውያን ስብስብ የሆኑ አልበሞች እንዳይበታተኑ «የአልበሙ አርቲስት» የሚለውን ቦታ ሙሉ። ለዚህ ሁሉ ነጻው ሚውዚክብሬይንዝ ፒካርድ ወይም ኤምፒ3ታግ ይበቃል።

እርማቱ ፋይሉ ውስጥ መጻፉን አረጋግጡ። «ሩን» የተባለው የሚከፈልበት ማጫወቻ ያሰባሰበውንና እናንተ ያረማችሁትን በራሱ መዝገብ ይይዛል እንጂ ፋይሉን አይነካም፤ ነገ ከእሱ ብትወጡ እዚያ የደከማችሁበት አብሯችሁ አይወጣም። ለእኔ ይህ ከባድ ጉዳይ ነው።

ደረጃ 3፦ አንድን የካሴት ገጽ በአንድ ረጅም ፋይል ከገለበጣችሁ፣ የየዘፈኑን መነሻ ደቂቃ የሚይዘውን ኪው ፋይል የሚያነብ ማጫወቻ ያስፈልጋችኋል። ፉባር2000 የተባለው ማጫወቻ ያነባል፤ የማያነቡ ግን አሉ።

ደረጃ 4፦ ስትሪሚንግ፣ ማለትም ሙዚቃን በቀጥታ ከኢንተርኔት መስማት፣ ላይ ወስኑ። መጀመሪያ አገልግሎቱ በምትኖሩበት አገር መኖሩን አጣሩ። ሩን ታይዳልና ኮቡዝ የተባሉትን የስትሪሚንግ አገልግሎቶች ከራሳችሁ ፋይሎች ጋር በአንድ ገጽ ያሳያል፤ ስፖቲፋይና አፕል ሚውዚክ ግን እዚያ አይገቡም። የዳታውንም ነገር አስቡ፦ በሰከንድ በ320 ኪሎቢት የሚላክ ሙዚቃ በሰዓት 144 ሜጋባይት ይፈጃል፤ በሲዲ ጥራት ሳይጨመቅ ቢላክ 635 ሜጋባይት ይሆናል፤ ፍላክ ይህን ብዙውን ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ኢንተርኔት ውድ ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ የራሳችሁን ክምችት አስቀድሙ።

ደረጃ 5፦ አሁን ምረጡ። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ብቻ የምትሰሙ ከሆነ ፉባር2000ን ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ፣ ነጻና እጅግ ቀላል ነው፤ መልኩ ደረቅ ቢሆንም ትልቅ ክምችት አያስጨንቀውም። ለሊኑክስ ስትሮውቤሪ አለ። ክምችቱን ቤት ካለ ኮምፒውተር ወደ ስልካችሁ ለማድረስ ናቪድሮም ጥሩ ነው፤ ነጻ ነው፣ አተካከሉ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ጄይ ሪቨር ሚዲያ ሴንተር በአንድ ጊዜ ክፍያ የሚገዛ ሲሆን የ30 ቀን ሙከራ አለው። ሩን ውድ ነው። ስለ አልበሞች የሚያመጣው መረጃ የሚያስደስት ቢሆንም፣ በዓለም አቀፍ መዝገቦች ያልገባ የአዲስ አበባ ካሴት ላይ የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። ክምችታችሁ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ከሆነ እንድትከፍሉበት አልመክርም።

ደረጃ 6፦ ድምፁ ሳይነካ መውጣቱን አረጋግጡ። ዊንዶውስ ሁሉንም ድምፅ ቀላቅሎ ወደ አንድ የናሙና መጠን (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ የሚገልጽ፣ በኪሎኸርትዝ የሚጻፍ ቁጥር) ስለሚቀይር፣ በማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ ዲኤሲውን ለማጫወቻው ብቻ የሚሰጠውን ዋሳፒ ኤክስክሉሲቭ የሚለውን ምረጡ። በአንድሮይድ ስልክ ዩኤስቢ ኦዲዮ ፕሌየር ፕሮ ይህንኑ ያደርጋል። ከዚያ ባለ 44.1 ኪሎኸርትዝ፣ ቀጥሎ ባለ 96 ኪሎኸርትዝ ፋይል አጫውቱ። ዲኤሲው ቁጥር ወይም የመብራት ቀለም የሚያሳይ ከሆነ በሁለቱ መካከል መቀየር አለበት፤ ካልተቀየረ ስልቱ አልሠራምና ወደ ማስተካከያው ተመለሱ።